ብሎግሽ ቢዝነስ ነው ሆቢ? አንዲት የአሪዞና ጠበቃ ከአይአርኤስ ጋር የተከራከረችበት ጉዳይ

የታክስ ሰሞን ሲመጣ አሜሪካ ካሉ የኛ ሰው ብሎገሮችና ዩቱበሮች የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፣ "ካሜራ ገዝቻለሁ፣ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ፣ ለዌብሳይቱ በየወሩ እከፍላለሁ፣ ከማስታወቂያ የገባልኝ ግን ለነዳጅ እንኳን አይበቃም፣ ይሄን ኪሳራ ከደሞዜ ላይ መቀነስ እችላለሁ?" የሚል። መልሱ "እንደ ሁኔታው" ነው፣ ይሄ ደግሞ ማንንም አያረካም። ስለዚህ በደፈናው ከማውራት ፍርድ ቤት የደረሰ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዤ ልተርክላችሁ። ባለጉዳይዋ ብሎገር አይደለችም፣ ዶክመንተሪ ፊልም የሰራች ሴት ናት፣ ግን ሁኔታዋ ቁርጥ የብዙዎቻችሁን ነው፦ ቀን ቀን ቋሚ ስራ አላት፣ ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ የራሷን ነገር ትሰራለች፣ ገንዘቡ ይወጣል እንጂ አይገባም፣ አይአርኤስ (የፌደራሉ የታክስ መስሪያ ቤት) ደግሞ መጥቶ ይሄ ስራ ሳይሆን መዝናኛሽ፣ ሆቢሽ ነው አላት።

ሊ ስቶሪ ትባላለች። አሪዞና ውስጥ በውሃ መብት ህግ ላይ የምትሰራ ጠበቃ ናት፣ ጥሩ ገቢ ያላት። ባለቤቷ በወጣትነቱ አፕ ዊዝ ፒፕል የሚባል የዘፈን ቡድን አባል ነበር፣ 1960ዎቹ ውስጥ የተነሳ፣ ፈገግ ያሉ ወጣቶች አገር ላገር እየዞሩ የሚዘፍኑበት፣ በሱፐር ቦውል እረፍት ላይ ሳይቀር አራት ጊዜ የቀረበ ቡድን ነው። ሴትየዋ የቡድኑን ታሪክ ስትሰማ ይሄማ ፊልም ይወጣዋል አለችና ገባችበት። የፊልም ስራ አታውቅም ነበር፣ ተማረች፣ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቀች፣ ባለሙያ ቀጠረች፣ ኤልኤልሲ (ተጠያቂነቱ የተወሰነ ድርጅት) አቋቋመች፣ እና ለተወሰኑ አመታት ጥብቅናዋን ሳትተው ማታ፣ ሳምንት መጨረሻና የእረፍት ጊዜዋን እዚሁ ላይ አፈሰሰችው። ፊልሙ 2009 ላይ ስላምዳንስ በሚባለው ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

የታክሱ ጉዳይ የሚመለከተው 2006፣ 2007 እና 2008ን ነው፣ ማለትም ፊልሙ ገና እየተሰራ ያለበትን ጊዜ። ገቢ የለም ማለት ይቻላል፣ ወጪው ግን ብዙ ነው። እሷ ያንን ወጪ ስኬጁል ሲ ላይ አስገባች (ስኬጁል ሲ ማለት የግል ስራ ያለው ሰው ገቢና ወጪውን የሚሞላበት ቅጽ ነው፣ ታክሲና ኡበር የምትነዱ በደንብ ታውቁታላችሁ)፣ ኪሳራው ከጥብቅና ገቢዋ ላይ ተቀነሰላት፣ ታክሷም በዚያው ልክ ወረደ። አይአርኤስ አየና ከለከላት። ምክንያቱ በአጭሩ፦ አንቺ ጠበቃ ነሽ፣ ደህና ገንዘብ አለሽ፣ ፊልሙ የምትወጂው ነገር ነው፣ ትርፍ አላገኘሽበትም፣ የሆቢሽን ወጪ መንግስት አይሸፍንልሽም።

እዚህ ላይ ህጉ ከየት እንደመጣ ትንሽ ልበል። ሴክሽን 183 የሚባለው የሆቢ ህግ 1969 ላይ የወጣ ነው፣ ሲወጣም የታሰበው ለብሎገር አልነበረም፣ ደህና ሀብት ያላቸው ሰዎች ለደስታቸው የፈረስ ማርቢያ ወይ የእርሻ ቦታ ይገዙና የፈረሱን ቀለብ ከሌላ ገቢያቸው ላይ እየቀነሱ ታክስ ስለሚያመልጡ ነው። ህጉ የሚለው ነገር ቀላል ነው፣ ለትርፍ ብለህ ካልሰራኸው ኪሳራውን ከሌላ ገቢህ ላይ አትቀንስም። ከባዱ ነገር ሰው ለትርፍ ብሎ መስራቱ በምን ይታወቃል የሚለው ነው፣ ልብ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ። ለዚህ ብሎ ደንቡ ዘጠኝ መመዘኛ አስቀምጧል፦ ስራውን የምታካሂድበት መንገድ፣ ያለህ ወይ የቀጠርከው እውቀት፣ የምታጠፋው ጊዜና ልፋት፣ የያዝከው ንብረት ዋጋው ይጨምራል ብለህ መጠበቅህ፣ ከዚህ በፊት በሌላ ስራ የተሳካልህ መሆኑ፣ የገቢና የኪሳራ ታሪክህ፣ አልፎ አልፎ ያገኘኸው ትርፍ መጠን፣ ሌላ የገቢ ምንጭህ፣ እና ነገሩ ምን ያህል ያዝናናሃል የሚለው። የነጥብ ቆጠራ አይደለም፣ አምስቱን ያገኘ አሸነፈ የሚባል ነገር የለም፣ ዳኛው ሁሉንም አይቶ ነው የሚወስነው።

ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሀበሻ ሰፈር ውስጥ የሚወራው "ሶስት አመት ከከሰርክ ሆቢ ይሉሃል" የሚል ነው። እንደሱ አይደለም። ህጉ የሚለው በተከታታይ አምስት አመት ውስጥ ሶስቱን ካተረፍክ ለትርፍ እየሰራህ ነው ተብሎ ይገመትልሃል፣ ያንን ግምት ማፍረስ የአይአርኤስ ስራ ይሆናል ማለት ነው (ለፈረስ ከሰባት አመት ሁለቱ ይበቃል፣ ፈረሰኞቹ ምክር ቤት ሰው ነበራቸው መሰለኝ)። ካላተረፍክ ግን ወዲያው ተሸነፍክ ማለት አይደለም፣ ግምቱን ብቻ ነው የምታጣው፣ ማስረዳቱ ያንተ ይሆናል። ስቶሪ በሶስቱም አመት ከስራለች፣ ስለዚህ ይሄ ግምት አልነበራትም፣ በዘጠኙ መመዘኛ ነው የተከራከረችው።

ወደ ታክስ ፍርድ ቤት ሄደች። ይሄ ፍርድ ቤት ከአይአርኤስ የተለየ ነው፣ ጥሩ ነገሩ ደግሞ መጀመሪያ ከፍለህ ከዛ ክሰስ አይልህም፣ ተጨማሪ ታክስ አለብህ የሚለው ህጋዊ ማስታወቂያ ከተላከልህ በ90 ቀን ውስጥ ካመለከትክ ሳትከፍል መከራከር ትችላለህ። 90 ቀኑ ካለፈ ግን ያ በር ይዘጋል፣ የአይአርኤስ ፖስታ ሳይከፈት ማይክሮዌቭ ላይ የሚከማችበት ቤት ስንት አለ።

ችሎቱ 2011 ማርች ላይ ነበር፣ ዳኛዋ ዳያን ክሩፓ። ነገሩ በመላው አሜሪካ የተወራው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ዳኛዋ ችሎት ላይ እንዳለች ዶክመንተሪ እኮ በባህሪው ለትርፍ የሚሰራ ነገር አይደለም፣ ሰው ለማስተማር፣ የተደበቀ ነገር ለማጋለጥ ነው የሚሰራው የሚል አይነት ሀሳብ አነሳች። ዶክመንተሪ ሰሪዎቹ በሙሉ ደነገጡ። እሷ ባለችው ከተፈረደማ ማንም ዶክመንተሪ ሰሪ ወጪውን መቀነስ አይችልም። ኢንተርናሽናል ዶክመንተሪ አሶሲዬሽን ሌሎችን ይዞ ለፍርድ ቤቱ ጽሁፍ አስገባ፣ ማስተማርና ማትረፍ አይጣሉም ብሎ። አስቡት ይሄን ወደ ብሎግ አምጥታችሁ፦ ለአዲስ መጪ ስደተኞች ስለ መንጃ ፈቃድ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ክሬዲት የሚጽፍ ሰው "ወገኔን ልርዳ ብዬ ነው" ስላለ ብቻ ቢዝነስ አይደለም ሊባል ነበር ማለት ነው።

ፍርዱ ኤፕሪል 2012 ላይ ወጣ፣ ስቶሪ አሸነፈች። ዳኛዋ ያንን ሀሳቧን ተወችው፣ ሴትዮዋ ለማትረፍ በሀቅ አስባ ነው የሰራችው አለች። እኔን የሚገርመኝ በምን እንዳሸነፈች ነው፣ ምክንያቱም በፊልሙ ጥራት አይደለም፣ በኤልኤልሲውም አይደለም። ስራውን እንደ ስራ ይዛዋለች፦ የጽሁፍ ቢዝነስ ፕላን ነበራት፣ ሁኔታው ሲቀየር ፕላኑንም ቀይራዋለች፣ ሂሳብ የሚይዝላት ቡክኪፐር ቀጥራለች፣ የማታውቀውን ተምራለች፣ የተማሩትን አስጠግታለች፣ እና ሰዓቷን ሰጥታዋለች። ኪሳራ መኖሩና የጥብቅና ገቢዋ ብቻቸውን አልጣሏትም።

ስለ ደስታው ነገር አንድ ልበል፣ ብዙ ሰው "ወድጄ ነው የምሰራው" ማለት የሚፈራው ሳያስፈልግ ነው። ይሄው የታክስ ፍርድ ቤት 1972 ላይ በሌላ ጉዳይ ወጪ ለመቀነስ መሰቃየት ግዴታ አይደለም ብሏል። ምግብ መስራት የምትወድ ሴት የምግብ ብሎግ ብትከፍት ደስታዋ ወንጀል አይደለም። ሌላው ደግሞ ትርፉ እርግጠኛ መሆን የለበትም፣ ደንቡ ራሱ ምሳሌ አድርጎ ያነሳው ነዳጅ ይኖራል አይኖርም በማይታወቅ ቦታ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ነው፣ የማግኘት እድሉ ትንሽ ነው ግን ከተገኘ ብዙ ነው፣ ያ ይበቃል ይላል። ዩቱብም ያው ነው፣ አብዛኛው ሰው ምንም አያገኝም፣ አንዳንዱ ያገኛል።

አሁን ወደ ዳኛዋ ልመለስና፣ ይሄን ሳላወራ ማለፍ አልችልም። ዳያን ክሩፓ 2014 ላይ ከዳኝነት ወጣች፣ 2016 ላይ ከባሏ ጋር ተከሰሰች፣ ክሱ ምን ይመስላችኋል፣ የታክስ ማጭበርበር። ባልየው የማማከር ስራ ነበረው፣ በዚያ ስራ ስኬጁል ሲ ላይ የቤት ኪራይ፣ የፒላቴስ ክፍያ፣ ማሳጅ፣ ጌጣጌጥ፣ ልብስ፣ የወይን ክለብ፣ የቻይንኛ ትምህርት፣ ግሪክና ሃዋይ ታይላንድም የሄዱበትን እረፍት ሁሉ የቢዝነስ ወጪ እያሉ አስገብተዋል፣ በአመታት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር። ጥፋቷን አመነች፣ 2017 ላይ 34 ወር ተፈረደባት። እና ልብ በሉ፣ የተከሰሰችበት አመታት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ የሌላውን ሰው ደረሰኝ የምትመረምርበት ጊዜ ነው። የስቶሪ ፍርድ በዚህ ምክንያት አልተሰረዘም፣ አሁንም ይጠቀሳል። ግን ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ነገሩ ይታያል፦ አንዷ ገቢ የሌለው ነገር ላይ እውነተኛ የስራ ወጪ አወጣች፣ ሌላዋ ገቢ ባለው ስራ ውስጥ የኑሮ ወጪ ደበቀች። ለአይአርኤስ አደገኛው ሁለተኛው ነው፣ የሀበሻ ብሎገርም ኦዲት ቢደረግ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ከስቶሪ ወዲህ የተቀየረ ትልቅ ነገር አለ። በሷ ጊዜ ብትሸነፍ እንኳን የሆቢ ወጪ እስከ ሆቢው ገቢ ድረስ በተወሰነ መልኩ ይቀነስ ነበር፣ አይተማይዝ ለሚያደርግ (በጅምላ ከሚቀነሰው ይልቅ ወጪውን አንድ በአንድ ለሚዘረዝር) ሰው፣ ያውም ከገቢው 2 በመቶ ያለፈው ብቻ። ፍሎሪዳ ያሉ ባልና ሚስት በጀልባ ጉዳይ ይሄን 2 በመቶ እናምልጥ ብለው ተከራክረው 2021 ታክስ ፍርድ ቤት፣ 2023 ይግባኝ ሰሚው፣ ሁለቱም ጋ ተሸንፈዋል። ከ2018 ጀምሮ ግን ያቺም ቀርታለች፣ መጀመሪያ እስከ 2025 ብቻ ነው የተባለው፣ 2025 ላይ የወጣው ትልቁ የታክስ ህግ ለዘለቄታው አደረገው። ስለዚህ ዛሬ ሆቢ ከተባልክ ገቢህ በሙሉ ታክስ ይደረጋል፣ ከወጪህ አንድ ሳንቲም አይቀነስም።

በቁጥር እንየው። ብቻዋን ያለች፣ በደብሊው ቱ (ማለትም በቅጥር ደሞዝ) 70,000 ዶላር የምታገኝ፣ 2025 ላይ ከብሎጓ 2,000 ዶላር ያስገባች፣ 6,500 ያወጣች ሰው እንበል። ቢዝነስ ከሆነ 4,500 ኪሳራ አላት፣ ከደሞዟ ላይ ይቀነሳል፣ 22 በመቶው የታክስ እርከን ውስጥ ስለሆነች 990 ዶላር ይድናል። ሆቢ ከሆነ ደግሞ 2,000ው ላይ 440 ትከፍላለች፣ 6,500ው የራሷ ጉዳይ ነው። በሁለቱ መሃል 1,430 ዶላር፣ የስቴቱን ሳንቆጥር። ግን ይሄ በኪሳራ ጊዜ ነው፣ ቢዝነስ ነው ብለህ ስታተርፍ ሌላ ነገር ይመጣል፣ የተጣራው 400 ዶላር ከደረሰ የሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬሩን 15.3 በመቶ ራስህ ትከፍላለህ፣ 3,000 ብታተርፍ ወደ 424 ዶላር ነው። ሲከስሩ ቢዝነስ ሲያተርፉ ሆቢ ማለት አይቻልም።

እንግዲህ የስቶሪን መለኪያ ይዘን የኛ ሰው ወጪዎች ላይ እንምጣ። ካሜራ፣ ማይክ፣ መብራት፣ የዌብሳይት ክፍያ፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው የተከፈለ፣ እነዚህ ችግር የለባቸውም፣ ደረሰኝና የተከፈለበት ካርድ ይኑር እንጂ። አንድ ነገር ግን፣ ብሎጉ ሳይከፈት በፊት የወጣው ብዙው ወጪ ስራ ማስጀመሪያ ወጪ ነው የሚባለው፣ ስራው ሲጀመር በመጀመሪያው አመት እስከ 5,000 ዶላር ይቀነሳል፣ የቀረው በ180 ወር ላይ ይከፋፈላል። "ልጀምር ነው" እያሉ ሳይጀምሩ መቀነስ የለም።

ስልክና ኢንተርኔት ለስራ የዋለው ድርሻ ብቻ ነው። ከሀበሻ ሱቅ ለቪዲዮ የተገዛ በርበሬ፣ ቅቤና ዶሮ? ዶሮ ወጡን ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ በልቶታል እኮ፣ ለቀረጻው ብቻ የገዛሽውን ከቤት አስቤዛው ለይተሽ ካልያዝሽ ሙሉውን ልታስረጂ አትችይም። የሀበሻ ቀሚስ ደግሞ ሁሌ ይጠየቃል፣ "ለቪዲዮ ነው ያሰፋሁት" ይባላል። ህጉ ከስራ ውጭ ሊለበስ የሚችል ልብስ አይቀነስም ነው የሚለው፣ እና ያ ቀሚስ ሰርግ ላይም ፋሲካም ይለበሳል፣ በቃ አይሆንም።

ቤት ውስጥ ያለች የቀረጻ ክፍል ትቀነሳለች፣ ለዚያ ስራ ብቻና በመደበኛነት የምትጠቀሙባት ከሆነ፣ በቀላሉ መንገድ በስኩዌር ፊት 5 ዶላር እስከ 300 ስኩዌር ፊት፣ ቢበዛ 1,500 ዶላር። ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ጥግ ላይ የቆመ መብራት ክፍሉን ስቱዲዮ አያደርገውም። ደግሞ ይሄ የቤት ወጪ ኪሳራ መፍጠር አይችልም፣ ብሎጉ ገቢ ከሌለው ዋጋ የለውም።

አዲስ አበባ የተሄደበት ትኬት ላይ ግን ቆም እንበል፣ ገንዘቡም ትልቁ እዚህ ስለሆነ። እህትሽ ስታገባ ሄደሽ እዛው እያለሽ ጥቂት ቪዲዮ ሰርተሽ ተመለስሽ። የጉዞው ዋና ምክንያት ሰርጉ ስለሆነ የአውሮፕላን ትኬቱ አይቀነስም፣ እዛ ለቀረጻው ብቻ ያወጣሽው፣ ለካሜራ ሰው የከፈልሽው፣ ላሊበላ ለቀረጻ የሄድሽበት፣ እሱ ሊቀነስ ይችላል። ዋናው ምክንያት ስራው ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፣ ሆኖም ወደ ውጭ አገር የተሄደበት ጊዜ ከሳምንት ካለፈና ከቀኖቹ ሩብ ወይ ከዚያ በላይ የግል ከሆነ ትኬቱም ይከፋፈላል። የትኛው ቀን ምን እንደሰራሽ በጊዜው ካልጻፍሽ ኋላ በትዝታ የሚሞላ ነገር አይደለም፣ ለጉዞ ወጪ ህጉ ከሌላው የበለጠ ጥብቅ ማስረጃ ነው የሚጠይቀው፣ በግምት ዳኛም አይሰጥም።

ገቢ ላይም የሚረሳ አለ። 1099 (ከፋዩ ይሄን ያህል ከፍዬዋለሁ ብሎ የሚልከው ቅጽ) አልመጣልኝም ማለት ገቢ የለኝም ማለት አይደለም፣ ሁሉም ይመዘገባል። ሬስቶራንቱ አስተዋውቂልኝ ብሎ በነጻ የጋበዘሽ፣ ሱቁ በነጻ የሰጠሽ ወርቅ ቢጤም፣ ለስራሽ የተከፈለ ስለሆነ በገበያ ዋጋው ገቢ ነው።

ኤልኤልሲ ክፈትና ሁሉም ይቀነሳል የሚሉትን አትስሙ። የአንድ ሰው ኤልኤልሲ ለፌደራል ታክስ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፣ ቅጹ ያው ስኬጁል ሲ ነው፣ ጥያቄውም ያው ነው። ስቶሪም ነበራት፣ ያዳናት ግን እሱ አይደለም። ከወረቀቱ ይልቅ የተለየ የባንክ አካውንት ክፈቱ፣ ሁለት ገጽ ቢሆንም ፕላን ጻፉ፣ ከማስታወቂያ ነው ከስፖንሰር ነው ወይስ የራሳችሁን ነገር ሸጣችሁ ነው ገንዘብ የሚገባው፣ እና አመቱ ሲያልቅ ያልሰራውን ቀይሩና የቀየራችሁበትን ምክንያት ጻፉ። ስድስት አመት ሙሉ በአንድ አይነት መንገድ ከስሮ ምንም ያልቀየረ ሰው ለትርፍ ነው የምሰራው ቢል ማን ያምነዋል።

ፎርም 5213 የሚባል ነገርም አለ፣ ሆቢ ነው ቢዝነስ የሚለው ግምት እስከ አምስተኛው አመት መጨረሻ ይቆይልኝ ብሎ መጠየቂያ። አንዳንዱ እንደ ዋስትና ይነግራችኋል። እኔ ብዙም አልወደውም፣ ምክንያቱም እነዚያን አመታት አይአርኤስ የሚመረምርበትን ጊዜ ያራዝመዋል፣ በዚያ ላይ ራሳችሁ እጃችሁን አውጥታችሁ እዚህ ነኝ እንደማለት ነው።

ነገሩን አስባችሁት እውነትም ለደስታ የምትጽፉ ከሆነ፣ ፕላን የለም፣ ለማትረፍም አታስቡም፣ ገቢው በአመት ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ እንግዲያው ስኬጁል 1 በሚባለው የታክስ ቅጽ ላይ 8ጄ የምትባል መስመር አለች፣ የሆቢ ገቢ እሷ ላይ ይጻፋል። ወጪ አይቀነስም፣ ያ 15.3 በመቶም አይከፈልም። 300 ዶላር ያስገባ ሰው በ12 በመቶ 36 ዶላር ከፍሎ ይገላገላል፣ ደረሰኝ ማጠራቀምም አይጠበቅበትም።